ማስ ኢፌክት 2ን ማንም ሳይሞትባችሁ እንዴት እንደምትጨርሱት፣ የቱ ጋ እንደሚያምርና የቱ ጋ እንደሚያደክም

ይሄን የምጽፈው ጌሙን ገና ለምትጀምሩ፣ ወይ ደሞ ጀምራችሁ ፕላኔት መቃኘቱ ሰልችቷችሁ ለተዋችሁት ነው። እኔ ሶስት ጊዜ ጨርሼዋለሁ፣ መጀመሪያ የጨረስኩት ጊዜ ከቡድኔ አንዱ የሆነው ሞርዲን መጨረሻው ላይ ሞቶብኝ ለቀናት ቅር ሲለኝ ነበር፣ ምክንያቱም የሞተው በኔ ውሳኔ እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ። ስለመጨረሻው ሳላወራ መምከር ስለማይቻል ከታች ስፖይለር አለ፣ ምንም ሳላውቅ ልጫወት የሚል ሰው ስለ ሎያሊቲ፣ ማለትም ስለ ጓዶቻችሁ ታማኝነት፣ ማውራት ስጀምር ያቁም።

ጌሙ እ.ኤ.አ. በ2010 ጃንዋሪ ላይ በኤክስቦክስ 360 እና በፒሲ ወጣ፣ በዓመቱ ፕሌይስቴሽን 3 ላይ ደረሰ። የሰራው ባዮዌር ነው፣ ካናዳ ኤድመንተን ያለው ስቱዲዮ። በ2011 ባፍታ በሚባለው የእንግሊዝ ሽልማት ላይ የዓመቱን ምርጥ ጌም ሽልማት ወስዷል። ግማሹ ሰው ከመጀመሪያው በብዙ ይበልጣል ይላል፣ ግማሹ ደሞ አርፒጂነቱን፣ ማለትም ገጸ ባህሪና እቃ እየገነቡ መጫወቱን፣ ገደሉት ይላል፣ እኔ ሁለቱም ልክ ናቸው ነው የምለው፣ ለዛም ነው ድካሙ የት እንዳለ አውቃችሁ ካልገባችሁበት ጥሩው ጋ ሳትደርሱ የምትተዉት።

አሁን የምትገዙት ሌጀንደሪ ኤዲሽን የሚባለውን ነው፣ በ2021 የወጣው፣ ሶስቱም ክፍሎች አንድ ላይ ናቸው፣ የሁለተኛው ክፍል የታሪክ ዲኤልሲዎችም (ተጨማሪ ክፍሎቹ) አብረው አሉ። ፒሲ ላይ 120 ጊጋ ቦታ ይፈልጋል ስለዚህ ዲስካችሁንም የኢንተርኔት ፓኬጃችሁንም አስቀድማችሁ አስቡበት። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆናችሁ አውቶሴቭን ብቻ አትመኑ፣ ውጊያ መሀል ሴቭ ማድረግ አይቻልም፣ ስለዚህ አንድ ክፍል ከጠላት ስታጸዱ ወዲያው በእጃችሁ ሴቭ አድርጉ። ሰብታይትልም ክፈቱ። ወሬው ብዙ ነው፣ ንግግር ስትመርጡ ግን ሰዓት አይቆጥርባችሁም፣ አንብባችሁ አስባችሁ ነው የምትመልሱት፣ ሰዓት ያለው ወሬ መሀል ብልጭ የሚለው ሰማያዊ ወይ ቀይ ምልክት ብቻ ነው፣ እሱ በሰከንዶች ነው የሚጠፋው።

የመጀመሪያውን ክፍል ዘላችሁ ወደዚህ አትምጡ። አውቃለሁ፣ የድሮ ጌም ነው፣ ተኩሱ ይከብዳል፣ ግን የሁለተኛው ትልቁ ጥንካሬ ከመጀመሪያው ሴቭ ፋይላችሁን ይዞ መምጣቱ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ጓዳችሁን ሬክስን ካተረፋችሁት ቱቻንካ የምትባለው ፕላኔት ስትሄዱ በዙፋኑ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃችኋል፣ ደስታው ልክ የለውም። ሴቭ ሳታስገቡ ከጀመራችሁ ግን ጌሙ ራሱ ይወስንላችኋል፣ ሬክስም ሞቷል ነው የሚላችሁ። ጊዜ የለኝም የምትሉ ቢያንስ መጀመሪያ ላይ የሚመጣውን ኮሚክ አትዝለሉት፣ ዋና ዋናዎቹን ውሳኔዎች እዛ ላይ ትመርጣላችሁ።

እሺ ወደ ታሪኩ። ኮማንደር ሼፐርድ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይሞታል፣ መርከቡ ኖርማንዲ ትፈነዳለች፣ ሰርበረስ የሚባል ድርጅት ሁለት ዓመት ፈጅቶ ሼፐርድን መልሶ ይሰራዋል። አጀማመሩ እንደ ጉድ ነው። ከዛ በኋላ ግን ዋናው ታሪክ ስስ ነው፣ ኮሌክተርስ የሚባሉት የሰው ልጆችን ከቅኝ ግዛቶች ያፍሳሉ፣ እናንተ ቡድን ትሰበስባላችሁ፣ ትሄዳላችሁ፣ በቃ። የሚያናድደኝ ደሞ የሰርበረስ ነገር ነው፣ በመጀመሪያው ክፍል ሰው ላይ ሙከራ ሲሰሩ ያገኘናቸውና የተዋጋናቸው ናቸው እኮ፣ እዚህ ግን አልሰራላችሁም ብሎ ጥሎ መሄድ አይቻልም፣ ማማረር ብቻ ነው የተፈቀደልን። ጸሀፊዎቹ ይሄን በደንብ አልመለሱትም።

ግን የጌሙ ነፍስ ሌላ ቦታ ነው፣ እሱም አብረዋችሁ የሚሄዱት 12 ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይሄ ነው፣ ከእያንዳንዱ ሚሽን በኋላ መርከቡን ከላይ እስከታች ዙሩና ሁሉንም አናግሩ። ሞርዲን ላብራቶሪው ውስጥ ስለ ጄኖፌጅ ሲከራከራችሁ፣ ማለትም ክሮጋን የሚባሉትን የሌላ ዓለም ፍጡራን ዘር እንዳይባዛ ያደረገው በሽታ ላይ እሱ ራሱ ስለሰራበት ነገር፣ መጀመሪያ እንደ ሳይንቲስት ነው የሚያወራው፣ በሱ ሚሽን ላይ ግን የክሮጋን ሴት አስከሬን ፊት ሲቆም ድምጹ ይቀየራል፣ ለኔ ይሄ ጌሙ ካሉት ትእይንቶች ሁሉ አንደኛው ነው። ቴን ደሞ እየሞተ ያለ ነፍሰ ገዳይ ነው፣ ስለ ልጁ የሚያወራው አንጀት ይበላል። እነዚህን ዝም ብላችሁ ካለፋችኋቸው የቀራችሁ ከመከለያ መከለያ እየተደበቁ መተኮስ ብቻ ነው።

ስለ ተኩሱ ካነሳን፣ ከመጀመሪያው በጣም ተሻሽሏል። ጠላት ሶስት አይነት መከላከያ አለው፣ ሺልድ፣ አርመርና ባሪየር፣ ለሺልድ ኦቨርሎድ፣ ለአርመር ኢንሲነሬት፣ ለባሪየር ዋርፕ፣ ዋርፕ አርመር ላይም ይሰራል። ሁለት ሰው ይዛችሁ ስትወጡ ሶስቱም መኖራቸውን እዩ፣ ከዛ ፓወር ምርጫውን ከፍታችሁ ጌሙ ቆሞ ሳለ ማን ምን እንደሚተኩስ እዘዙ። ሼፐርድን ከምትመርጡለት የተዋጊ አይነቶች ለጀማሪ ሶልጀር ቀላል ነው፣ ኢንፊልትሬተር በክሎክ ተሰውሮ በስናይፐር መምታት ለሚወድ፣ እኔ የምወደው ግን ቫንጋርድ ነው፣ ጠላት ላይ እንደ ጥይት ትወረወራላችሁ። አዴፕት ቆንጆ ነው ግን ከሁሉም ከባዱ ደረጃ ኢንሳኒቲ ላይ ሁሉም ጠላት መከላከያ ስላለው ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ኖርማል ወይ ቬተራን ይበቃችኋል።

የጠፋው ነገር ደሞ አለ። በመጀመሪያው ክፍል የእቃው ዝርዝር የተዝረከረከ ነበር፣ አንድ አይነት ጠመንጃ ሀምሳ ጊዜ ትለቅማላችሁ፣ ማስተካከል ሲገባቸው ጠቅላላ አወጡት፣ አሁን የጓዶቻችሁን ልብስ ቀለም ከመቀየር ውጪ አርመር ማልበስ የለም፣ ስኪሉም አንሷል። ጠመንጃውም በመጀመሪያው ጥይት አያልቅበትም ነበር፣ ይሞቃል ይበርዳል፣ እዚህ ግን ተርማል ክሊፕ እየለቀማችሁ ነው የምትሄዱት፣ ስሙን ቀየሩት እንጂ ያው ጥይት ነው። ማኮ የምትባለው መኪናም የለችም፣ በዋናው ጌም ፕላኔት ላይ እየነዱ መዞር ቀረ። ብዙ እቃ እያነጻጸረ መገንባት የሚወድ ሰው እዚህ ጌም ላይ ይከፋል፣ አልዋሽም።

በማኮ ፈንታ የመጣው የፕላኔት ቅኝት ነው፣ እጅ እጅ የሚለው እሱ ነው። ስካነሩን ፕላኔቱ ላይ ቀስ እያላችሁ ትጎትታላችሁ፣ ግራፉ ሲዘል ፕሮብ ትለቃላችሁ፣ ደግማችሁ ደጋግማችሁ። ሰው ጌሙን የሚተወው እዚህ ጋ ስለሆነ እንዲህ አድርጉ፣ ሪች የሚል ደረጃ ያላቸውን ፕላኔቶች ብቻ ንኩ፣ እነሱንም እስከ መጨረሻ አታሟጡ፣ ትላልቆቹን ጉብታዎች ወስዳችሁ ውጡ። በአንድ ቀን ተቀምጣችሁ አትጨርሱት፣ በሁለት ሚሽን መሀል ሁለት ሶስት ፕላኔት ካደረጋችሁ ሳይሰማችሁ ይሞላል። ሁሉንም አፕግሬድ መግዛት አያስፈልግም፣ ግዴታ የሆኑት ሶስት የመርከብ አፕግሬዶች ናቸው፣ ጄከብ የሚነግራችሁ አርመር፣ ታሊ የምትነግራችሁ ሺልድ፣ ጋረስ የሚነግራችሁ ታኒክስ መድፍ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እያንዳንዳቸው 15,000 ፓላዲየም፣ መድፉ 15,000 ፕላቲነም። ካላናገራችኋቸው አይመጡም፣ ሲነግሯችሁ ደሞ ሞርዲን ላብ ሄዳችሁ ግዙ። አንዱ ከጎደለ ገና መንገድ ላይ ሳላችሁ ሰው ይሞትባችኋል፣ ምንም ያህል ጎበዝ ተኳሽ ብትሆኑ።

ፓራጎን (ለስላሳው መንገድ) ወይ ሬኔጌድ (ቆጣው መንገድ)፣ አንዱን ያዙ። ይሄ የጌሙ ድክመት ነው ብዬ ነው የማስበው፣ ምክንያቱም እንደ ሰው አንዴ ለስለስ አንዴ ቆጣ ልበል ብትሉ ነጥባችሁ ይከፋፈልና ወሳኙ ቦታ ላይ ማሳመኛው መልስ ደብዝዞ መምረጥ ያቅታችኋል። ወሳኙ ቦታ ማለት ሚራንዳና ጃክ ሲጣሉ፣ ታሊና ሊጅን ሲጣሉ ነው፣ ነጥብ ካላችሁ ሁለቱንም ታስታርቃላችሁ፣ ከሌላችሁ አንዱ ይቀየማችኋል፣ የተቀየመ ሰው ደሞ መጨረሻው ላይ ለሞት የቀረበ ነው።

እንግዲህ ሎያሊቲ። እያንዳንዱ ሰው የግል ጉዳይ አለው፣ አብራችሁት ሄዳችሁ ስትጨርሱለት ልቡን ይሰጣችኋል። አብዛኞቹ ሚሽኑን መጨረስ ብቻ ነው የሚፈልጉት፣ አራቱ ግን ያሳስታሉ። የታሊ ችሎት ላይ ስለ አባቷ ያገኛችሁትን ማስረጃ አታውጡ፣ ብትባረርም ከናንተ ጋር ናት፣ ነጥባችሁ ከበቃ ደሞ ዳኞቹ ላይ ጮሃችሁ በነጻ ታስወጧታላችሁ። የቴን ሚሽን ላይ ከላይ ሆናችሁ የምትከታተሉት ሰውዬ እንዳይጠፋችሁ፣ ከጠፋ አለቀ። ዛኢድ ጋ ፋብሪካው ሲቃጠል ሰራተኞቹን ልታድኑ ከሄዳችሁ እሱ ይናደዳል፣ ከፍ ያለ ፓራጎን ከሌላችሁ አትመልሱትም። ሳማራን ደሞ ለልጇ ብላችሁ አትክዷት።

ሰዓቱ ላይ ተጠንቀቁ፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ሪፐር አይኤፍኤፍ የሚባለው ሚሽን ሲመጣ ወዲያው አትሂዱ፣ የሌላውን ሁሉ ሎያሊቲ ጨርሱ፣ መርከቡን አፕግሬድ አድርጉ፣ ከዛ ሂዱ። እዛ ሊጅንን ታገኛላችሁ፣ ወዲያው አስነሱትና የሱን ሎያሊቲ ስሩ። ትንሽ ቆይቶ የመርከቡ ሰራተኞች ይጠለፋሉ፣ ከዛ በኋላ ምንም ሳትሰሩ በቀጥታ ኮሌክተርስ ጋ ወደሚያደርሰው በር፣ ወደ ኦሜጋ 4 ሪሌይ ግቡ። አንድ ሁለት ሚሽን ከሰራችሁ ግማሾቹ ይሞታሉ፣ ከሶስት ካለፋችሁ ከመርከቡ ሐኪም ከዶክተር ቻክዋስ በቀር የሚተርፍ የለም። ሚሽኑ እስኪያልቅ ጌሙ የሚያስጠነቅቅ ሰዓት አያሳያችሁም፣ እኔ ይሄን እወደዋለሁ፣ ሌላ ጌም ዓለም እየጠፋች እያለ አሳ ስታጠምዱ ይጠብቃችኋል። የሚያሳዝነው ሊጅን በዚህ ምክንያት ዘግይቶ መምጣቱ ነው፣ ከሁሉም የሚገርም ሀሳብ ያለው እሱ ሆኖ ሳለ ከሱ ጋር የምትወጡት ሚሽን ጥቂት ነው።

መጨረሻው ላይ ሰው ትመድባላችሁ። አየር ቱቦ ውስጥ የሚገባው ታሊ፣ ሊጅን ወይ ካሱሚ ይሁን። ሁለተኛውን ቡድን የሚመራው ጋረስ፣ ጄከብ ወይ ሚራንዳ፣ ሁለቱም ጊዜ። ቡድኑን የሚሸፍን ጋሻ የሚይዝ ባዮቲክ (በአእምሮ ኃይል የሚዋጋ ሰው) ሲፈለግ ሚራንዳ ራሷ ማንም ባዮቲክ ይችላል ትላለች፣ አትስሟት፣ ጋሻውን የምትይዘው ጃክ ወይ ሳማራ ናት። የተረፉትን ሰራተኞች የሚመልስ ሰው ሲጠየቅ ሞርዲንን ላኩት፣ ሎያል ከሆነ በሰላም ይደርሳል። እኔ የሳትኩት እዚህ ነው፣ ጀግና ነው ብዬ በር ጠባቂዎቹ ጋ ተውኩት። በሩ ላይ የሚቀሩት ሰዎች የመከላከል ነጥብ አላቸው፣ ግራንት፣ ዛኢድና ጋረስ 4፣ ሞርዲን፣ ታሊ፣ ጃክና ካሱሚ 1፣ ሌሎቹ 2፣ ሎያል ያልሆነ ደሞ ይቀንሳል፣ አማካዩ 2 ካልሞላ ደካማው ይሞታል። ስለዚህ ጠንካሮቹን እዛው ትታችሁ ታሊንና ጃክን ይዛችሁ ወደ መጨረሻው ሂዱ፣ ሎያል ከሆኑ ምንም አይሆኑም።

የመጨረሻው ቦስ ግን ያሳፍራል። ግዙፍ የሰው አጽም የሚመስል ማሽን፣ አይኖቹን ትመታላችሁ፣ ያልቃል። ያን ሁሉ ሰዓት ስለ ጓደኞቻችሁ ስትጨነቁ ቆይታችሁ ይሄ ሲመጣ ከሌላ ጌም የተወሰደ ነው የሚመስለው። የሚያጽናናው ከዛ በኋላ ያለው ነው፣ አቧራው ሲነሳ ማን እንደተረፈ አንድ በአንድ ስታዩ ልባችሁ ይመታል።

ካለቀም በኋላ መጫወት ይቻላል። ሌር ኦፍ ዘ ሻዶው ብሮከር የሚባለውን ዲኤልሲ ለዚህ ጊዜ ብታቆዩት ጥሩ ነው፣ የመጀመሪያው ክፍል ጓዳችሁን ሊያራን የምትወዱ ሰዎች በተለይ፣ ውጊያውም ንግግሩም ከዋናው ጌም ብዙ ክፍሎች ይበልጣል። አራይቫል የሚለውን ደሞ የመጨረሻ አድርጉት፣ ወደ ሶስተኛው የሚያሻግረው እሱ ነው፣ ብቻችሁን ነው የምትሄዱት። ከቡድናችሁ ቢያንስ ሁለት ሰው ካልተረፈ ሼፐርድም ይሞታል፣ ያ ሴቭ ደሞ ሶስተኛው ላይ አይገባም፣ ስለዚህ ሪሌዩን ከማለፋችሁ በፊት ለብቻው አንድ ሴቭ አስቀምጡና እሱን አትደርቡበት።