ፈጣን ዙር አይታችሁ አትከራከሩ፤ ጎማውን ቁጠሩ
እዚህ ደብረ ብርሃን እሁድ ፎርሙላ ዋን አይተን ስንወጣ ክርክሩ ሁሌ ያው ነው፦ ፈጣኑ ሾፌር ማን ነበር? አንዱ ስልኩን ያወጣና «ፈጣኑን ዙር ማን እንደነዳ እዩ!» ይላል። እሱ ምንም አይነግራችሁም። ውድድሩ ሊያልቅ ሦስት ዙር ሲቀረው ፒት (ጎማ የሚቀየርበት ቦታ) ገብቶ አዲስ ቀይ ጎማ፣ ማለትም ለስላሳውንና ፈጣኑን፣ የገጠመ ሰው ማንንም ያስንቃል።

የሚያስፈልጋችሁ የሁሉም ዙር ሰዓት ነው። የውድድሩ የበላይ አካል ኤፍአይኤ ከየውድድሩ በኋላ በፒዲኤፍ ያወጣዋል፣ በነጻ። ኤክሴል ላይ ገልብጡት። ደብተርም ይሆናል፤ እኔ በደብተር ነው የጀመርኩት።

መጀመሪያ አበጥሩት። የመጀመሪያው ዙር ይውጣ፣ ፒት የገባበትና የወጣበት ይውጣ፣ ሴፍቲ ካር (አደጋ ሲኖር ከፊት ሆኖ ሁሉንም ቀስ የሚያስነዳው መኪና) ያለበትም እንደዚያው። የሚያደክመው ሰው ኋላ ተይዞ የነዳቸውን ዙሮች መለየት ነው። ጣርማበር ላይ ከጭነት መኪና ኋላ የሚንፏቀቅ ሚኒባስ አይታችኋል አይደል? ሾፌሩ ሰንፎ አይደለም፣ መንገድ አጥቶ ነው። ፎርሙላ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ የፊተኛው መኪና አየሩን ስለሚበጠብጠው የኋለኛው መሬቱን ቆንጥጦ መያዝ ያቅተዋል፣ ይንሸራተታል፣ ጎማው ይግላል። እኔ ከፊቱ ካለው ከ1.5 ሰከንድ በታች ርቆ የነዳውን ዙር እሰርዛለሁ። ሕግ አይደለም፣ የራሴ ልማድ ነው።

አሁን ነዳጅ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭኖ ዳገቱን የሚወጣ አይሱዙና ባዶውን የሚወጣ አይሱዙ አንድ አይደሉም። እስከ እ.ኤ.አ. 2025 በነበረው ደንብ መኪናው ለውድድሩ እስከ 110 ኪሎ ነዳጅ ይጠቀም ነበር፣ እና በግምት 10 ኪሎ ሲቀንስ በዙር 0.3 ሰከንድ ያህል ይፈጥናል። በዙር 1.8 ኪሎ ካቃጠለ በየዙሩ 0.05 ሰከንድ በነጻ ያገኛል ማለት ነው። ስለዚህ እንበልና አንዱ 12 ዙር ሙሉ 1፡35.0 ላይ ከቆየ «ጎማው ንክች አላለም» እንዳትሉ። ከመጀመሪያው እስከ አሥራ ሁለተኛው ዙር ነዳጁ 0.55 ሰከንድ ሰጥቶታል፣ ጎማው ደግሞ ያንኑ 0.55 በልቶበታል። ለማስተካከል በእያንዳንዱ ዙር ሰዓት ላይ 0.05 እያባዛችሁ ጨምሩ፤ ለሁለተኛው ዙር 0.05፣ ለሦስተኛው 0.10፣ እንዲህ እያለ። ከዚያ ሰዓቱ በየዙሩ በስንት እንደሚያድግ ስታዩ የጎማውን ድካም አገኛችሁት።

ስታወዳድሩ አንድ ዓይነት ጎማ፣ አንድ ዓይነት ዕድሜ። የ5 ዙር ጎማን ከ20 ዙር ጎማ ጋር አታጋጩ። ቀለሙም ያታልላል፦ ጎማ አቅራቢው ፒሬሊ ለየውድድሩ ሦስት ጎማ መርጦ ጠንካራውን ነጭ፣ መሀከለኛውን ቢጫ፣ ለስላሳውን ቀይ ይለዋል እንጂ የሞናኮ ቀይና የሲልቨርስቶን ቀይ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። አማካይም አታውጡ፣ አንድ የተበላሸ ዙር ያዛባባችኋል። ሰዓቶቹን ደርድሩና መሀል ላይ ያለውን ውሰዱ።

ስለ ሾፌሩ ብቻ ማውራት የፈለገ የአንድ ቡድን ሁለቱን ያወዳድር። መኪናው ሲለያይ ማን ምን እንዳደረገ መለየት ከባድ ነው። እዚያም ቢሆን ሬዲዮውን ስሙ፤ «ጎማህን ጠብቅ» የተባለ ሰው ቀስ ብሎ ሲነዳ ሥራውን እየሠራ ነው።

መለማመጃ ከፈለጋችሁ እ.ኤ.አ. የ2024ቱን የሞንዛ (ጣሊያን) ውድድር ያዙ። የፌራሪው ሌክለርክ አንዴ ብቻ ቆሞ የመጨረሻውን ነጭ ጎማ ከ35 ዙር በላይ ነዳበትና አሸነፈ። የማክላረኑ ፒያስትሪ ሁለቴ ቆሞ መጨረሻ ላይ በየዙሩ እየፈጠነ መጣ፣ ግን ከ3 ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ሁለተኛ ወጣ። ፈጣኑ ማን ነበር? የፒያስትሪ የቡድን ጓደኛ ኖሪስም ሁለቴ ነው የቆመው፤ መጀመሪያ እሱንና ፒያስትሪን ሥሯቸው፣ መኪናቸው አንድ ነው። ሌክለርክን ከዚያ በኋላ ጨምሩት።