መኪናው ሲያግዛችሁ እናንተ እንዳትተኙ

ሥራዬ ሹፌር ማሠልጠን ነው። ወደኔ የሚመጡት ግን ጀማሪዎች አይደሉም። መንጃ ፈቃድ ካወጡ የቆዩ፣ ከአሮጌ መኪና ወርደው ካሜራና ራዳር የተሞላ አዲስ መኪና ላይ የወጡ ሰዎች ናቸው። ሁሉም ማለት ይቻላል አንድ ነገር ይጠይቁኛል፦ «ይሄ ሁሉ ቴክኖሎጂ ይጠብቀኛል ወይስ ያዘናጋኛል?»

እኔም መልሼ «የትኛው?» እላለሁ። አንዱ መኪና ውስጥ ነፍስ የሚያተርፈውም፣ እንቅልፍ የሚጠራውም፣ ዓይን የሚሰርቀውም አብረው ተገጥመዋል። ሰውን የሚያሳስተው ሁሉንም በአንድ ዓይን ማየቱ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራችሁ መለየት ነው።

ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት

መኪናውን ስትረከቡ መመሪያ መጽሐፉን አውጡ። አውቃለሁ፣ ማንም አያነበውም። እኔም ሁሉንም አንብቡ አላልኩም። ሦስት ነገር ብቻ ፈልጉ፦ ምን ምን እንደተገጠመ፣ እያንዳንዱ ከስንት ፍጥነት ጀምሮ እንደሚሠራ፣ መቼ እንደማይሠራ። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ «ማስጠንቀቂያ» በሚል ሳጥን ውስጥ የታጨቀው ነው። ማስታወቂያው የደበቀውን ሁሉ እዚያ ታገኙታላችሁ። ለምሳሌ ብዙ መኪኖች ላይ መስመር እንዳትስቱ የሚጠብቀው ሲስተም በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር አካባቢ በታች አይሠራም። ይህን ሳያውቅ ከተማ ውስጥ ተማምኖበት የሚነዳ ስንት ሰው አለ መሰላችሁ።

ከዚያ ያገኛችሁትን በሦስት ክፈሉት። እስክትሳሳቱ ድረስ ዝም ብለው የሚጠብቁ፣ የናንተን ሥራ ተቀብለው የሚሠሩ፣ እና ዓይናችሁን የሚጠሩ።

ዝም ብለው የሚጠብቁትን አታጥፏቸው፣ ግን ተዋወቋቸው

እዚህ ምድብ ውስጥ ኤቢኤስ አለ፤ ፍሬን በኃይል ሲረገጥ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው፣ ቦሽ ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ1978 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) መርሴዲስ ኤስ ክላስ ላይ የወጣው። መኪናው ሲንሸራተት ጎማዎቹን ለየብቻ እየያዘ መስመር የሚያስገባው የመረጋጋት መቆጣጠሪያም አለ፤ እሱ በ1995 ነው የመጣው። በራሱ ፍሬን የሚይዘውም እዚሁ ይገባል። ኢንሹራንሶች የሚደግፉት የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደኅንነት ተቋም ባጠናው መሠረት፣ የመረጋጋት መቆጣጠሪያ አንድ መኪና ብቻውን የሚደርስበትን ገዳይ አደጋ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። አውቶማቲክ ፍሬን ደግሞ የፊተኛውን መኪና ከኋላ መግጨትን እንዲሁ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። እነዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ይብሩ፤ እንደበሩ ይቆዩ።

ግን ሲሠሩ ምን እንደሚመስሉ አስቀድማችሁ እወቁ። ሰው የሌለበት ሰፊ ባዶ ቦታ ፈልጉ። ቀበቶ እሰሩ፣ 40 ኪሎ ሜትር ድረስ ንዱና ፍሬኑን በሙሉ ኃይላችሁ ርገጡት። ፔዳሉ እግራችሁ ሥር ይንቀጠቀጣል፣ ከሥር ድምፅ ይሰማል። ይሄኔ አብዛኛው ተማሪዬ ደንግጦ እግሩን ያነሳል። በእውነተኛ አደጋ ጊዜም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አታንሱ። ያ መንቀጥቀጥ ኤቢኤሱ እየሠራ መሆኑ ነው። እንደረገጣችሁ መሪውን አዙሩ፤ መኪናው ይታዘዛችኋል። የኤቢኤስ ዋና ጥቅሙ ይሄ ነው፤ እየቆማችሁም መሪ አይጠፋባችሁም። ቶሎ ያቆማል ብላችሁ ግን አትመኑ። ልቅ ጠጠር ላይ እንዲያውም ማቆሚያው ርቀት ሊረዝም ይችላል።

የዚህ ምድብ አደጋው ሌላ ነው። በ1980ዎቹ ሙኒክ ውስጥ የታክሲ ሹፌሮች ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር። ግማሾቹ ኤቢኤስ ያለው መኪና፣ ግማሾቹ የሌለው ያዙ። ኤቢኤስ የያዙት አደጋቸው አልቀነሰም። ለምን? ኩርባ ላይ በኃይል መዞር፣ ከፊት ያለውን መኪና መጠጋት ጀመሩ። መሐንዲሶቹ የሰጧቸውን ትርፍ በፍጥነት መነዘሩት ማለት ነው። ስለዚህ ራሳችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ይህ መሣሪያ ባይኖር አሁን በዚህ ፍጥነት፣ በዚህ ርቀት እነዳ ነበር? መልሱ «አይ» ከሆነ ነዳጁን ቀነስ አድርጉ።

አውቶማቲክ ፍሬን ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር። ያው ተቋም በ2022 እንዳወጣው፣ እግረኛ የሚለየው ዓይነት በጥቅሉ እግረኛ የመግጨት አደጋን በ27 በመቶ ይቀንሳል። የመንገድ መብራት በሌለበት ጨለማ ውስጥ ግን ልዩነት አላሳየም። ሌሊት እግረኛ የሚያየው የናንተ ዓይንና የፊት መብራታችሁ ነው።

ሥራችሁን የሚቀበሏችሁ

ከባዱ ይሄ ነው። ከፊት ያለውን መኪና እየተከተለ ፍጥነት የሚያስተካክል ክሩዝ ኮንትሮል፣ መሪውን እያዞረ መስመር መሐል የሚያስኬድ ሲስተም። ሁለቱ አብረው ሲበሩ እናንተ የምትሠሩት ነገር የለም። ማየት ብቻ ነው የቀራችሁ።

የሰው ልጅ ደግሞ ምንም የማይከሰትበትን ነገር ቁጭ ብሎ ማየት አይችልም። ስንፍና አይደለም፣ አፈጣጠራችን ነው። ኖርማን ማክዎርዝ የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ የራዳር ተቆጣጣሪዎች ነገር ለምን እንደሚያመልጣቸው ሲያጠና፣ ሰዎችን የግድግዳ ሰዓት የሚመስል ነገር ፊት አስቀምጦ ቀስቷ አልፎ አልፎ ሁለት እርምጃ በአንዴ ስትዘል እንዲለዩ አደረገ። ውጤቱን በ1948 አወጣ። ገና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሰዎቹ መሳት ይጀምራሉ። እንግዲህ ረጅም ቀጥ ያለ መንገድ ላይ፣ ለስለስ ያለ ወንበር ላይ፣ ሙዚቃ ተከፍቶ አስቡት።

ክሩዝ ኮንትሮልን የፈለሰፈው ራልፍ ቲተር ዓይነ ስውር መሐንዲስ ነበር። ጠበቃው ሲነዳው እያወራ ይቀንሳል፣ ዝም ሲል ይጨምራል፤ ያ መንገጫገጭ ሰልችቶት ነው አሉ ሐሳቡ የመጣለት። በ1958 ክራይስለር መኪናዎች ላይ ወጣ። ሁሌም ይህን ታሪክ የምናገረው በምክንያት ነው። የተስተካከለው ፔዳሉ ነው። የጠበቃው ልብ ያው ወሬው ላይ ነው።

አንድ ጊዜ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ትልቅ ሰው አሠለጥን ነበር። ክሩዙን አብርተው ትንሽ እንደሄድን ዘወር አሉና «ልጄ፣ ይሄ ነገር ከኔ በላይ ያያል አይደል?» አሉኝ። «አዎ ጋሼ፣ ርቀት ከርስዎ በላይ ይለካል። የዚያ ሰውዬ ልብ መንገድ ሊያቋርጥ እንደተነሳ ግን አያውቅም» አልኳቸው። ሳቁና ፍጥነት ቀነሱ። ሰውዬው በእርግጥም ተሻገረ።

ታዲያ እንዴት እንጠቀምበት? እኔ ተማሪ አጠገብ ስቀመጥ እንደምሆነው ሁኑ። ተማሪው እየነዳ እኔ አላርፍም። ከሱ አርቄ አያለሁ፣ የት እንደሚሳሳት እገምታለሁ፣ እግሬ ፍሬን አጠገብ ነው። ከመንዳት ይልቅ ይደክማል። መኪናችሁንም እንደ ተማሪ ቁጠሩት፤ ጎበዝ፣ ግን አንዳንድ ነገር ፈጽሞ የማይገባው ተማሪ። የማይገባውን ከነገርኳችሁ ቀድማችሁ ትደርሱበታላችሁ።

የቆመ ነገር አይገባውም። ብዙ ክሩዝ ኮንትሮሎች በፍጥነት ሲሄዱ ቆሞ ያለን ነገር ችላ እንዲሉ ተደርገው ነው የተሠሩት፤ አለዚያ በየምልክቱና በየድልድዩ ፍሬን ይይዙ ነበር። ከፊታችሁ ያለው መኪና በድንገት መስመር ቀይሮ ከሱ ፊት የተበላሸ መኪና ቆሞ ቢገኝ፣ ሲስተሙ «መንገዱ ተከፈተ» ብሎ ነዳጅ ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ የፊተኛው መኪና ፍሬቻ ሲያሳይ እግራችሁ ፍሬን ላይ ይሁን።

የደበዘዘ መስመር፣ የመንገድ ሥራ፣ ፊት ለፊት የምትመታ ፀሐይ፣ ከባድ ዝናብ፣ ጠበቅ ያለ ኩርባ። እነዚህን ገና ከሩቅ ስታዩ ራሳችሁ አጥፉት። መኪናው ጮሆ እስኪያስረክባችሁ አትጠብቁ፤ የሚያስረክባችሁ ሲጨንቀው ነው፣ ያኔ ደግሞ ጊዜ የለም።

ፀጥ ባለ መንገድ ላይ ድብርት ሲጀምራችሁ ራዲዮ አትጨምሩ። ሲስተሙን አጥፉና ራሳችሁ ንዱ። እጅና እግር ሥራ ሲያገኙ ጭንቅላትም ይነቃል። ድካም ከሆነ ግን ይህም አይረዳም። ቁሙና ተኙ።

በደረጃም እንነጋገር። መኪናው ምን ያህል ራሱን እንደሚነዳ መሐንዲሶች ከ0 እስከ 5 የሚቆጥሩት ደረጃ አለ። ገበያ ላይ ያሉት መሪ የሚያዞሩ መኪኖች አብዛኞቹ ደረጃ 2 ናቸው። ስሙ ምንም ያህል ቢያምር፣ ደረጃ 2 ማለት ሹፌሩ እናንተ ናችሁ ማለት ነው። አንዳንዶች መሪው ላይ የውሃ ጠርሙስ አንጠልጥለው «እጄ አለ» ብለው መኪናውን ይሸውዳሉ። ማየት ብቻ የቀረው ሰው ምን እንደሚሆን ደግሞ ይህን ተመልከቱ። በመጋቢት 2018 አሜሪካ፣ አሪዞና ቴምፒ ከተማ ውስጥ በሙከራ ላይ የነበረ ራሱን የሚነዳ የኡበር መኪና ሌሊት ብስክሌት እየገፋች የምትሻገር ሴት ገጭቶ ገደለ። ሲስተሙ ከ5 ሴኮንድ በላይ ቀደም ብሎ የሆነ ነገር አይቷል፤ ሰው መሆኗን ግን አልለየም። እንድትቆጣጠር መሪ ላይ የተቀመጠችው ሠራተኛ ዓይኗ ስልኳ ላይ ነበር። ሥራዋ ማየት ብቻ የሆነ፣ ለዚሁም የሚከፈላት ሰው ናት እንግዲህ።

ዓይን የሚሰርቁት

ስክሪን። እዚህ ላይ ታጋሽ አይደለሁም። አንድ የስዊድን የመኪና መጽሔት በ2022 አዳዲስ መኪኖችን ከ2005 ቮልቮ ጋር አወዳደረ። ሥራው ቀላል ነው፤ ሙቀት መጨመር፣ ራዲዮ መክፈት የመሳሰለ፣ በ110 ኪሎ ሜትር ፍጥነት። አሮጌው ቮልቮ በአዝራሮቹ 10 ሴኮንድ ፈጀበት። የባሰው ባለስክሪን መኪና ከ44 ሴኮንድ በላይ። በዚያ ፍጥነት ይህ ከ1 ኪሎ ሜትር ተኩል ብዙም የማያንስ ርቀት ነው።

ከመንገድ ላይ ዓይናችሁን ከ2 ሴኮንድ በላይ አታንሱ። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 2 ሴኮንድ 55 ሜትር ነው፤ በዓይነ ስውርነት። አድራሻ፣ ሙዚቃ፣ የወንበር ሙቀት፣ የስልክ ብሉቱዝ ሁሉም ከመነሳታችሁ በፊት ይለቅ። መሐል ላይ መቀየር ካስፈለገ አጠገባችሁ ያለው ሰው ይቀይር፣ ብቻችሁን ከሆናችሁ ዳር ያዙ። በድምፅ ማዘዝም ነፃ አያወጣም። የአሜሪካው የአሽከርካሪዎች ማኅበር የትሪፕል ኤ ፋውንዴሽን በ2015 እንዳሳየው፣ አስቸጋሪ የድምፅ ትዕዛዝ ከጨረሳችሁ በኋላ ሐሳባችሁ ሙሉ በሙሉ ወደ መንገዱ እስኪመለስ እስከ 27 ሴኮንድ ሊወስድ ይችላል። ማሳወቂያዎችን አጥፉ። መኪና ስትገዙ ደግሞ የመስታወት ጉም ማጥፊያውና የዝናብ መጥረጊያው አዝራር አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ ግር ይለዋል፣ ግድ የለም።

የሚጮኹትና የሚያሳዩት

ማስጠንቀቂያ ድምፅ ሲያሰለች ሰው የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ መዝጋት። ከመዝጋታችሁ በፊት ማስተካከያውን ፈልጉ። ብዙዎቹ ላይ ቀደም ብሎ፣ መካከለኛ፣ ዘግይቶ የሚል ምርጫ አለ። ዘወትር ከፊት መኪና ጋር ተጠጋችሁ እያለ የሚጮህባችሁ ከሆነ ግን ጥፋቱ የድምፁ ላይሆን ይችላል።

ከጎን መኪና ሲኖር ስፖኪዮው ላይ የሚበራ መብራት አለኝ ብላችሁ አንገታችሁን አታሳርፉ። ስፖኪዮውን የራሳችሁ መኪና ጎን ለጥቂት እስኪጠፋ ወደ ውጭ ክፈቱት፣ ከዚያ ስፖኪዮ፣ መብራት፣ ትከሻ፤ በዚህ ቅደም ተከተል። የኋላ ካሜራም እንዲሁ ነው። ከጎን እየሮጠ የሚመጣ ሕፃን ስክሪኑ ላይ የሚገባው ዘግይቶ ነው። መጀመሪያ ዞራችሁ እዩ፣ ከዚያ ስክሪኑን።

ካሜራና ራዳር ጭቃ ሲነካቸው ያያሉ ብላችሁ አትጠብቁ። ስታጥቡ የፊት መስታወቱን የላይኛ መሐል፣ የፊት ፓራውልቱን መሐልና የኋላ ካሜራውን ለብቻ ጥረጉ። የፊት መስታወት ካስቀየራችሁ ወይም ፓራውልት ከተመታ ካሜራውና ራዳሩ እንደገና መስተካከል አለባቸው። «ይሠራል፣ መብራት አልበራም» የሚል ጋራዥ ካጋጠማችሁ ወደ ሌላ ሂዱ፤ ካሜራው በጥቂቱ ከዞረ የሚያየው የጎረቤቱን መስመር ነው።

መኪናውን ለሌላ ሰው ስትሰጡም የቁልፉን ያህል ይህን አስረክቡ። ምን እንደበራ፣ ምን እንዳጠፋችሁ፣ መሪው በራሱ ሲጎትት ምን ማለት እንደሆነ። አሮጌ መኪና የለመደ ሰው መሪው እጁ ላይ ሲንቀሳቀስ መኪናው የተበላሸ መስሎት በኃይል ይመልሰዋል። አብራችሁ ተቀምጣችሁ አንድ ዙር ንዱና አሳዩት፤ ካልተመቸው ደግሞ የመስመር ጠባቂውን አጥፉለትና አውቶማቲክ ፍሬኑን እንደበራ ተዉት።