ለፈጣን ጀልባ ፕሮፔለር ስትመርጡ ከአርፒኤም ጀምሩ

ጀልባው ላይ ትልቅ ሞተር ያስገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስንት ፒች (ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄድበት ልክ) ልግዛ ብሎ ነው፣ እኔ ደሞ ሁሌ መልሼ የምጠይቀው ሙሉ ነዳጅ ስትሰጠው ሞተሩ በደቂቃ ስንት ይዞራል (አርፒኤም የሚባለው) የሚለውን ነው። ይሄን ሳያውቁ ፕሮፔለር (ውሃ ውስጥ እየዞረ ጀልባውን የሚገፋውን ባለክንፍ) መግዛት እግር ሳይለኩ ጫማ እንደመግዛት ነው። ጓደኛችሁ ጀልባ ላይ የበረረው ፕሮፔለር እናንተ ጋ ሲመጣ ሊያንቀላፋ ይችላል፣ ምክንያቱም ክብደቱም የካምቢዮው ሬሾም (ፕሮፔለሩ አንዴ ሲዞር ሞተሩ ስንት ይዞራል የሚለው) የሞተሩ ከፍታም አንድ አይደለም።

ስለዚህ አሁን ባለው ፕሮፔለር ውጡ። እንደወትሮው የምትጭኑትን ሰውና ነዳጅ ያህል ጫኑ፣ ውሃው ረጋ ያለበት ቦታ ፈልጉና ትሪሙን (የሞተሩን ማዘንበል) አስተካክላችሁ ሙሉ ነዳጅ ስጡት፣ አርፒኤሙንና የጂፒኤስ ፍጥነቱን ጻፉ፣ ከዛ ዞራችሁ በተቃራኒው አቅጣጫ ድገሙትና አማካዩን ውሰዱ፣ ነፋስና የውሃ ፍሰት ቁጥሩን ስለሚያጣምሙት ማለት ነው። የሞተሩ መመሪያ ላይ በሙሉ ነዳጅ ከዚህ እስከዚህ ይዙር የሚል ክልል አለ። ከክልሉ በታች ከሆነ ፕሮፔለሩ ከብዶታል፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ግፊትና ሙቀት ይከማቻል፣ በተለይ ሱፐርቻርጀር ወይ ተርቦ (ተጨማሪ አየር የሚገፋለት) ያለው ሞተር ይሄን አይችልም ፒስተን ይበላል። ካለፈ ደሞ ቀሎታል፣ ሊሚተር (ዙሩን የሚገድበውን) እየነካ ይቆራርጣል። እኔ ወደ ክልሉ የላይኛው ጫፍ የተጠጋ ነው የምመርጠው፣ ምክንያቱም ቀኑ ሲሞቅ ወይም ሰው ሲበዛ አርፒኤሙ መውረዱ አይቀርም። ሱፐርቻርጀርም ተርቦም የሌለው ሞተር የቦታው ከፍታ በየ300 ሜትሩ ሲጨምር ጉልበቱ ወደ 3 ፐርሰንት ያህል ይቀንሳል፣ ስለዚህ ቆላ ላይ የተስማማው ፕሮፔለር ደጋ ያለ ሀይቅ ላይ ይከብዳል።

ፕሮፔለሩ ላይ 15 በ28 የሚል ተጽፎ ታያላችሁ። 15ቱ ዳያሜትሩ ነው በኢንች፣ 28ቱ ፒቹ ነው፣ ማለትም ፕሮፔለሩ እንደ ብሎን ጠጣር ነገር ውስጥ እየገባ ቢሆን በአንድ ዙር 28 ኢንች ወደፊት ይሄድ ነበር ማለት ነው። ውሃ ግን ስለሚሸሽ ያን ያህል አይሄድም፣ ልዩነቱ ስሊፕ ይባላል። ሒሳቡ ቀላል ነው፣ አርፒኤሙን ለካምቢዮው ሬሾ አካፍሉ፣ በፒቹ አባዙ፣ ለ1056 አካፍሉ፣ በማይል በሰዓት ሊሄድ የሚገባውን ታገኛላችሁ። 1056 ከየት መጣ ካላችሁ አንድ ማይል 63,360 ኢንች ነው፣ ለ60 ደቂቃ ሲካፈል ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። የሞተሬ ክልል ከ5000 እስከ 5400 ነበር፣ ሬሾው 1.5፣ እኔ ደሞ ትልቅ ፒች ትልቅ ፍጥነት ነው ብዬ 28 ገዛሁ። አርፒኤሙ 4700 ላይ ቆመ፣ ፍጥነቱ 72 ማይል። ሒሳቡ 83.1 መሄድ ነበረብህ ይላል፣ ስሊፑ 13 ፐርሰንት አለፈ። ከሰው ተውሼ 26 ሳስገባ 5080 ዞረ፣ 75 ማይል ሄደ፣ ስሊፑም ወደ 10 ወረደ። ፒች ቀንሼ ፍጥነት ጨመርኩ ማለት ነው! ሞተሩ ጉልበቱን የሚሰጥበት ዙር ላይ ስለደረሰ ነው በቃ። ለግምት አንድ ኢንች ፒች ከ150 እስከ 200 አርፒኤም ይለውጣል፣ ስለዚህ 400 ከጎደላችሁ ሁለት ኢንች ውረዱ። በደንብ የተስተካከለ ፈጣን ጀልባ ስሊፑ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 12 ፐርሰንት አካባቢ ነው፣ ከዛ በላይ ከሆነ ፒች ከመቀየራችሁ በፊት የክንፉን ቅርጽና የሞተሩን ከፍታ እዩ።

ክንፍ ስንት ይሁን? ቀላል ጀልባ ላይ 3 ክንፍ ጥሩ ጫፍ ፍጥነት ይሰጣል፣ 4 እና 5 ሲሆን ውሃውን ይዞ ይቆያል፣ ከቆመበት ቶሎ ይነሳል፣ ንዝረቱ ይቀንሳል፣ ኋላውን ያነሳል። ሆዳቸው የቪ ቅርጽ ላለው ከባድ ጀልባዎች እንደ መርኩሪ ብራቮ ዋን ያለ 4 ክንፍ መነሻ ቢያደርጉ ጥሩ ነው ባይ ነኝ። ክሊቨር የሚባለው የኋላ ጠርዙ በቀጥታ የተቆረጠው ግን ግማሹ ከውሃ በላይ ሆኖ ለሚዞር ነው፣ እንደ አርነሰን ድራይቭ (ፕሮፔለሩን ውሃው ገጽ ላይ የሚያዞር ማስተላለፊያ) ላለው፤ ተራ አገጣጠም ላይ ከቆመበት ሲነሳ ይለግማል፣ ወደኋላም ደህና አይጎትትም። ሬክ ደሞ ክንፉ ወደኋላ ያዘነበለበት ማዕዘን ነው፣ ሲጨምር በአብዛኛው የጀልባውን አፍንጫ ያነሳል። አፍንጫው ውሃ ላይ ተደፍቶ ለሚሄድ መድኃኒት ነው፣ ወደላይና ወደታች ለሚዘል ጀልባ ግን ያባብሰዋል።

ከፕም እንዳትረሱ። ጥፍራችሁን በክንፉ የኋላ ጠርዝ ላይ አስኪዱት፣ እንደ ማንኪያ ከንፈር ወደ ውስጥ ትንሽ እጥፍ ያለ ነገር ይሰማችኋል፣ እሱ ነው። ውሃውን የሚይዘው እሱ ስለሆነ ስትታጠፉና ሞተሩን ከፍ ስታደርጉ ፕሮፔለሩ አይለቅም፣ ከፕ ሲጨመር ግን አርፒኤም ይወርዳል። በሞረድ የጠፋ ወይም ድንጋይ የመታው ከፕ ካለ ያገለገለ ፕሮፔለር ርካሽ ነው ብላችሁ አትግዙ፣ ቁጥሩ 26 ቢልም ስራው 26 አይሆንም። አልሙኒየምም ለዚህ ጉልበት አይሆንም፣ ሲጫነው ክንፉ ይተጣጠፋል፣ ስቴንለስ ውሰዱ።

ከፍታ ላይ ቆይ እንበል፣ ብዙ ሰው እዚህ ነው የሚሳሳተው። ሞተሩ ከፍ ሲል ውሃ ውስጥ የሚጎተተው የካምቢዮ ቤት ይቀንሳል፣ ፍጥነት ይጨምራል፣ ግን ከልክ ሲያልፍ ፕሮፔለሩ አየር ይስብና ሞተሩ ድንገት ይጮሃል፣ ጀልባው ግን አይገፋም። ይሄ ቬንቲሌሽን ነው፣ ካቪቴሽን ሌላ ነው፣ እሱ ግፊቱ በጣም ከመውረዱ የተነሳ ውሃው ክንፉ ላይ ሲፈላ ነው፣ ብረቱን ይቦረቡረዋል። በትንሽ በትንሹ ከፍ አድርጉ፣ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፣ ጻፉ፣ የማቀዝቀዣ ውሃ ግፊት ጌጁን እያያችሁ። ፕሮፔለር ስትቀይሩ የድሮው ከፍታ ላይስማማ ስለሚችል እንደገና መሞከር አለባችሁ።

ሁለት ሞተር ካላችሁ አንዱ ወደ ቀኝ አንዱ ወደ ግራ የሚዞር ጥንድ ነው የሚያስፈልገው። ወደ ውስጥ ማዞር፣ ማለትም የላይኞቹ ክንፎች ወደ ጀልባው መሃል እንዲዞሩ ማድረግ፣ አንዳንድ ጀልባ ላይ ፍጥነት ይጨምራል፣ ግን አያያዙ ይለወጣል፣ ወደብ ላይ መታጠፉም ይከብዳል፣ ልምድ ከሌላችሁ ወደ ውጪ እንዲዞሩ ተዉት።

ስትገጥሙ የማስነሻ ቁልፉን ነቅላችሁ፣ ክንፉ እንዳይዞር እንጨት ደግፋችሁ ስሩ። የድሮው ሲወጣ ሮንዴላው ስር የዓሣ ማጥመጃ ክር ተጠምጥሞ እንደሆነ እዩ፣ ፓራኦሊዮውን (ዘይት እንዳይወጣ ውሃ እንዳይገባ የሚዘጋውን ጎማ) ቆርጦ ውሃ ካምቢዮ ውስጥ ያስገባል። ሻፍቱን ግራሶ ቀቡ፣ ዳዶውን መመሪያው ባለው ልክ አጥብቁ፣ ከመጀመሪያው ጉዞ ስትመለሱ ደሞ ደግማችሁ ፈትሹት።