የታይሮይድ ሆርሞን ማነስን እንዴት መለየት ይቻላል?

በጠራራ ፀሐይ ሌላው ሰው ጥላ ሲፈልግ እርስዎ ጋቢ ይደርባሉ። ሌሊቱን ሙሉ ተኝተው ሲነሱ ድካሙ እንዳለ ነው። ምግብ ሳይጨምሩም ልብስዎ ጠቧል። "ዕድሜ ነው" ተብሎ የሚታለፈው እንዲህ ያለው ነገር አንዳንዴ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ ነው። ታይሮይድ፣ ማለትም አንገት ላይ ያለው የቢራቢሮ ቅርጽ ዕጢ፣ ሲደክም ልብም፣ አንጀትም፣ ሐሳብም አብረው ይዘገያሉ።

1. የሚሰማዎትን ይጻፉ። ሆድ ድርቀት፣ የቆዳ መድረቅ፣ የፀጉር መርገፍ፣ የድምፅ መጎርነን፣ የወር አበባ መብዛት ወይም ዝንጉነት ካለ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ያስፍሩ። ከወለዱ ዓመት ካልሞላዎት፣ በቤተሰብ የታይሮይድ ሕመም ካለ፣ ሊቲየም (የአእምሮ ሕመም መድኃኒት) ወይም አሚዮዳሮን (የልብ ምት መድኃኒት) የሚወስዱ ከሆነም ይጨምሩበት። በምልክት ብቻ ግን አይወስኑ፤ ደም ማነስም ድብርትም ልክ እንዲህ ያደክማሉ።

2. መስታወት ፊት ይቁሙ። ቀና ብለው ውሃ ይጎንጩና ሲውጡ ከማንቁርትዎ በታች ያለውን ይመልከቱ። ከመዋጡ ጋር ከፍ ዝቅ የሚል እብጠት ካለ ለሐኪም ያሳዩ። እንቅርት የለም ማለት ግን ዕጢው ደህና ነው ማለት አይደለም።

3. በደም ምርመራ ቲኤስኤች ይታይ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቲኤስኤች ከአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ ታይሮይድን "ሥራ!" እያለ የሚልከው ትእዛዝ ነው። ታይሮይድ ሲለግም ትእዛዙ ይበረታል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ቁጥሩ ከፍ ካለ ታይሮይዱ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። "ታይሮይዴ በዝቷል" ብሎ የሚደነግጥ ሰው ብዙ ጊዜ ወረቀቱን የገለበጠው ነው። ለአዋቂ ልኩ በግምት ከ0.4 እስከ 4 ሲሆን ከላብራቶሪ ላብራቶሪ ትንሽ ይለያያል።

ቲኤስኤች ከፍ ብሎ ፍሪ ቲ4 (ታይሮይድ ራሱ የሚያመነጨው ሆርሞን በደም ውስጥ ያለው መጠን) ካነሰ ሕመሙ ተለየ። ቲ4 ልኩ ላይ ከሆነ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግመው ያያሉ፤ ነፍሰ ጡር ግን ቀጠሮ አታራዝም። ፀረ ቲፒኦ የሚባለው ምርመራ ደግሞ መንስኤውን ይጠቁማል፤ ከተገኘ ብዙ ጊዜ ሐሺሞቶ ነው፣ የሰውነት መከላከያ ታይሮይድን የሚያጠቃበት፣ ሐሺሞቶ የተባለው ጃፓናዊ ሐኪም በ1912 እ.ኤ.አ. የገለጸው ሕመም።

አንድ ወጥመድ አለ። ፀጉሩ የረገፈበት ሰው የፀጉር ቫይታሚን ይጀምራል፤ ውስጡ ያለው ባዮቲን ውጤቱን አዛብቶ ሕመሙን ሊደብቅ ይችላል። ቢያንስ 2 ቀን አስቀድመው ያቁሙት።

4. የጎደለውን ሆርሞን የሚተካው መድኃኒት፣ ሌቮታይሮክሲን፣ ከታዘዘ ጠዋት በባዶ ሆድ በውሃ ይዋጣል። ቡናው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆይ፤ ያው ለኛ ከባዱ ይኼ ነው። የብረትና የካልሲየም እንክብል ደግሞ ከመድኃኒቱ በ4 ሰዓት ልዩነት ይራቅ። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይተው ቲኤስኤችን ያስደግሙ፤ መጠኑ የሚስተካከለው ያኔ ነው።