ብራንች አይክረም፦ ብዙ ሆናችሁ በአንድ ኮድ ላይ ስትሠሩ

ለቡድኔ የምሰጠው የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፦ ማንም ሰው ብራንቹን (ከዋናው ኮድ ነጥሎ የሚሠራበትን ቅርንጫፍ) ከሁለት ቀን በላይ ለብቻው ይዞ አይቆይም። ካዛንቺስ ባለው ቢሯችን አዲስ ሰው ሲቀጠር ከሌላው ሁሉ አስቀድሜ ይህን እነግረዋለሁ። ኮድ መጻፍ የሚችል ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ አይጠፋም፤ የሚከብደው የአምስት ሰው እጅ በሚገባበት ኮድ ላይ ሳይጠላለፉ መሥራት ነው። የግሩፕ ፕሮጀክታቸውን በቴሌግራም ዚፕ እየተላላኩ፣ ፋይሉን «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2» እያሉ የጨረሱ ብዙ ናቸው። ይህን ስለ ጊት፣ የኮድን ለውጥ ሁሉ እየመዘገበ የብዙ ሰውን ሥራ ስለሚያዋህደው ፕሮግራም የምጽፈው ለእነሱ ነው።

ጊትን ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የጻፈው ለሊነክስ ከርነል (ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ሥራ ነው፤ የከርነሉ ሰዎች እስከዚያ ይጠቀሙበት የነበረው ቢትኪፐር የሚባል መሰል ፕሮግራም በነፃ መሰጠቱ ስለቀረባቸው። በየአገሩ ተበታትነው የሚሠሩ ሰዎች ስለነበሩ፣ እያንዳንዱ ሰው ሙሉውን ታሪክ በራሱ ማሽን ላይ እንዲይዝ ተደርጎ ተሠራ። ጊትሀብ የመጣው ከዚያ በኋላ በ2008 ነው፤ ኮዱን የምናስቀምጥበትና የምንወያይበት ቦታ እንጂ ጊት ራሱ አይደለም። ይህ ልዩነት እኛ አገር ትልቅ ትርጉም አለው። መብራት ሄዶ ራውተሩ ሲጠፋ፣ ላፕቶፑ ባትሪ እስካለው ድረስ ኮሚት ማድረግ (ለውጥን በታሪኩ ላይ መመዝገብ)፣ ብራንች ማውጣት፣ የዛሬ ዓመት ማን ምን እንደቀየረ ማየት ይቻላል። ኔትወርክ የሚፈልጉት በዋናነት ፌች (የሌሎችን ኮሚት ከሰርቨር ማምጣት)፣ ፑል (አምጥቶ ከራስ ጋር ማዋሃድ) እና ፑሽ (የራስን ወደ ሰርቨር መላክ) ናቸው። ኔት የለም ተብሎ ኮሚት አይቆምም። ኔቱ ውሎ ካደረና ባልደረባችሁ ሥራችሁን የግድ ከፈለገ ደግሞ ጊት በንድል የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ኮሚቶቹን በአንድ ፋይል ጠቅልሎ በፍላሽ እንድትሰጡት ያደርጋል። እሱም ከዚያ ፋይል ላይ ልክ ከሰርቨር እንደሚያደርገው ፌች ያደርጋል፤ ታሪኩ አይቆረጥም።

ወደ ዕለቱ ሥራ እንግባ። ጠዋት ወደ ሜይን (ወደ ዋናው ብራንች) ተመልሳችሁ ፑል አድርጉ፤ ከዚያ ከሜይን ላይ አዲስ ብራንች አውጡ። እኔ ጊት ስዊችን እመርጣለሁ፤ ስዊች በ2019 የመጣው፣ የድሮው ትእዛዝ ቼክአውት ብራንች መቀየርንም ፋይል መመለስንም ደርቦ ይዞ ሰው ስላደናገረ ነው። የብራንቹ ስም ሥራውን ይናገር፤ የራሳችሁን ስም ብቻ አትስጡት።

ኮሚቱ ትንሽ ይሁን። መልእክቱን ስትጽፉ «ይህን አስተካከልኩ፣ ደግሞም ያንን ጨመርኩ» ማለት ካስፈለጋችሁ ሁለት ኮሚት ነው የያዛችሁት። ጊት አድን በማይነስ ፒ ብታስኬዱት ለውጡን ቁራጭ በቁራጭ እያሳየ ይጠይቃችኋል፤ የማይመለከተውን ለሚቀጥለው ኮሚት ታቆዩታላችሁ። መልእክቱም ምክንያቱን ይያዝ። «ቀን ተስተካከለ» የሚል መልእክት ከስድስት ወር በኋላ ለማንም አይጠቅምም። «ጳጉሜን 6 ቀን የተከፈለ ሁሉ መስከረም 1 እየተመዘገበ ስለነበር» የሚለው ግን ያን መስመር ለመሰረዝ እጁን የዘረጋውን ሰው ያስቆመዋል።

አሁን ሰው ሁሉ ወደሚፈራው ወደ ኮንፍሊክት እንምጣ፤ ሁለት ሰው አንድ ቦታ ላይ የተለያየ ለውጥ አድርጎ ጊት ራሱ ማዋሃድ ሲያቅተው ማለት ነው። ከእኛው ሥራ ልውሰድ። ለቁጠባ ማኅበር በምንሠራው ሲስተም ውስጥ አንድ ወር ስንት ቀን እንዳለው የሚመልስ ፈንክሽን አለ፤ ለአሥራ ሁለቱ ወራት 30፣ ለጳጉሜን 5 ይመልሳል። አንዷ ልጅ ዓመቱ ለአራት ሲካፈል ሦስት ከተረፈ 6 እንዲመልስ አደረገችው፤ ልክ ናት፣ 2015 ጳጉሜን ስድስት ቀን ነበራት። በዚያው ቀን ሌላው ልጅ 30ንና 5ን ስም አውጥቶላቸው ወደ ላይ አወጣቸው፤ እሱም ልክ ነው። እሱ ቀድሞ መርጅ አደረገ፤ ማለትም ብራንቹን ከሜይን ጋር አዋሐደ። እሷ ሜይንን ወደ ብራንቿ ስታመጣ ጊት ቆመ፤ ፋይሉ ውስጥ ሰባት የ«ያንሳል» ምልክት፣ መሃል ላይ ሰባት የእኩል ምልክት፣ ታች ሰባት የ«ይበልጣል» ምልክት ተደረደረ።

በመርጅ ጊዜ ከእኩል ምልክቱ በላይ ያለው የራሳችሁ ነው፣ ከታች ያለው የመጣው። በሪቤዝ ጊዜ ግን ይገለበጣል፤ ጊት የእናንተን ኮሚቶች አንድ በአንድ በሜይን ላይ እንደ አዲስ ስለሚያስቀምጥ፣ ከላይ ያለው የሜይን፣ ከታች ያለው የእናንተ ይሆናል። ይህን ሳያውቁ «የእኔን ያዝ» የሚለውን ቁልፍ የሚጫኑ ሰዎች የሌላ ሰው ሥራ ይሰርዛሉ። የኮንፍሊክት ስታይሉን ዲፍ 3 ብላችሁ ብታስተካክሉት ሁለቱም ከመንካታቸው በፊት የነበረውን ጽሑፍም በመሃል ያሳያችኋል፤ ያኔ ማን ምን እንደቀየረ ለማወቅ መገመት አያስፈልግም። እዚህ ትክክለኛው መፍትሔ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አልነበረም፤ የልጁን ስያሜ ይዞ የልጅቱን ስሌት እላዩ ላይ መጻፍ ነበር። ምልክቶቹን ካጠፋችሁ በኋላ ቴስቱን (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሸውን ኮድ) አስኪዱ፦ 2015 ስድስት፣ 2016 አምስት።

ኮንፍሊክት ባይነሳም ቴስት አስኪዱ። ጊት የሚያነጻጽረው መስመሮችን ነው፤ ትርጉማቸውን አያውቅም። አንዱ የፈንክሽን ስም ቀይሮ ሌላው በሌላ ፋይል ውስጥ በድሮው ስም ቢጠራው፣ መርጁ ምንም ሳይል ያልፍና ሲስተሙ ሲነሳ ይወድቃል። ብራንቹ በከረመ ቁጥር የዚህ ዓይነቱ ነገር ይበዛል፤ ሁለት ቀን የምለውም ለዚሁ ነው። ሥራው በሁለት ቀን የማያልቅ ከሆነ ቁረጡት፤ ያላለቀውን ክፍል ተጠቃሚ እንዳያየው በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ ዘግታችሁ የደረሰውን መርጅ አድርጉ።

ሪቤዝ ወይስ መርጅ? ብራንቹን ከእናንተ በቀር ማንም ካልነካው ሪቤዝ፤ ሌላ ሰው ከወሰደው መርጅ። ከሪቤዝ በኋላ በግድ ፑሽ ማድረግ ካለባችሁ ፎርስ-ዊዝ-ሊዝ በሉ፤ እናንተ ያላያችሁት ኮሚት ሰርቨሩ ላይ ካለ አይቀበላችሁም።

ፑል ሪኩዌስቱ (ለውጤን አይታችሁ ወደ ሜይን አስገቡት የሚለው ጥያቄ) አንድ ሰው ቡና እየጠጣ የሚያነበው ያህል ይሁን። እዚህ ላይ ስለ ይሉኝታ መናገር አለብኝ። ትንሹ ልጅ «ጋሼ» እያለ የሚጠራውን ሰው ኮድ አይቶ ስህተቱ ቁልጭ ብሎ እየታየው «ጥሩ ነው» ብሎ ሲያጸድቅ አይቻለሁ። አክብሮቱን እወደዋለሁ፤ ይቆይ። ነገር ግን አስተያየቱ በጥያቄ መልክ ይምጣ፦ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ዝርዝሩ ባዶ ቢሆን ምን ይመልሳል?» ታላቅየው ይመልሳል ወይም ያስተካክላል፤ ማንም አይከፋም፣ ኮዱም ይድናል።

ጊት ፍሎው የሚባለውን፣ ዴቨሎፕ፣ ሪሊዝ፣ ሆትፊክስ እያለ ብራንች የሚደረድረውን አሠራር ለትንሽ ቡድን አልመክርም። አሠራሩን በ2010 ያስተዋወቀው ቪንሰንት ድሪሰን ራሱ በ2020 በጽሑፉ ላይ ማስታወሻ ጨምሮ፣ ያለማቋረጥ የሚለቀቅ የዌብ ሥራ ያላችሁ ቀለል ያለ አሠራር ያዙ ብሏል። ብዙ ቨርዥን ለየደንበኛው የምታስተዳድሩ ከሆነ ግን ያገለግላችኋል።

የፋይል ስም በአማርኛ ስትሰጡ ጊት ስታተስ ፊደሉን ትቶ በ\341 የሚጀምር የቁጥር ክምር ቢያሳያችሁ አትደንግጡ፤ ኮር ነጥብ ኮትፓዝ የሚለውን ሴቲንግ ፎልስ አድርጉት፣ ፊደሉ ይመለሳል። የቴሌብርም ሆነ የሌላ ክፍያ ሚስጥራዊ ቁልፍ ያለበትን ፋይል ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጊትኢግኖር (ጊት የሚያልፋቸው ፋይሎች የሚዘረዘሩበት ፋይል) ውስጥ አስገቡ። አንዴ ፑሽ ከተደረገ በሚቀጥለው ኮሚት መሰረዝ አይበቃም፤ ታሪኩ ውስጥ ይኖራል፣ ክሎን ያደረገ (ሙሉውን የገለበጠ) ሁሉ ይዞታል። ቁልፉን ወዲያው ሰርዛችሁ አዲስ አውጡ።

መርጅ የተደረገ ነገር ሲስተሙን ቢያበላሽ ሜይንን በሪሴት ወደ ኋላ መልሳችሁ በግድ ፑሽ አታድርጉ፤ የሁሉም ሰው ኮፒ ይዛባል። ሪቨርት አድርጉ፤ ለውጡን የሚቀለብስ አዲስ ኮሚት ይጨምራል፣ የነበረውም አይጠፋም። የመርጅ ኮሚት ከሆነ ማይነስ ኤም 1 ጨምሩበት፤ በሜይን በኩል ያለውን መስመር ይዞ እንዲቀር ነው። ከዚያ ስህተቱን አስተካክላችሁ ያንኑ ብራንች እንደገና መርጅ ብታደርጉ አዲሱ ኮሚት ብቻ ይገባና የቀድሞው ሥራ ይቀራል፤ ለጊት እነዚያ ኮሚቶች ገብተዋል። መጀመሪያ ሪቨርቱን ራሱን ሪቨርት አድርጉ፣ ከዚያ ማስተካከያውን አምጡ።