አማርኛ ጽሑፍ ድረ ገጽ ላይ ሲበላሽ፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ ጥገናው

አንድ የአማርኛ ቃል ከተጠቃሚው ኪቦርድ ተነስቶ ስክሪን ላይ ተመልሶ እስኪታይ ድረስ በፎርሙ፣ በሰርቨሩ ኮድ፣ ከዳታቤዙ ጋር ባለው ግንኙነት፣ በሠንጠረዡ፣ በመጨረሻም በብሮውዘሩና በፎንቱ ያልፋል። ብልሽቱ ከእነዚህ በአንዱ ላይ ተቀምጧል። ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው ግን ቦታው ሳይታወቅ ሦስት አራት ሴቲንግ በአንዴ ሲነካካ ነው። ገጹ የተስተካከለ ይመስላል፤ ውሎ አድሮ ግን የድሮው ጽሑፍ በአንድ መልክ፣ አዲሱ በሌላ መልክ ተቀምጦ ይገኛል። እንዲህ የተደባለቀን ሠንጠረዥ ማጽዳት ከመጀመሪያው ችግር ይከፋል። ስለዚህ አስቀድሞ ማየት፣ ከዚያ አንድ ነገር ብቻ መቀየር፣ ከዚያ እንደገና ማየት።

ለማየት አንድ ቃል ይበቃል፦ «ሰላም»። ሦስት ፊደል ነው። በዩቲኤፍ-8 (የዓለምን ፊደላት ወደ ባይት በሚቀይረው ኢንኮዲንግ) እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ ጤነኛው «ሰላም» 9 ባይት ነው። ከታች ያለው ምርመራ አብዛኛው የሚደገፈው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ነው። ምሳሌዎቹ በፒኤችፒና በማይኤስኪውኤል ናቸው፤ በሌላ ቋንቋ ለሚሠራም አካሄዱ ያው ነው።

በፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥን

መንስኤው ፎንት ነው፤ ጽሑፉ ደህና ነው። ለማረጋገጥ ሳጥኖቹን ኮፒ አድርጋችሁ ወደ ስልክ ላኩ፤ ስልኩ ላይ ከተነበቡ ዳታቤዙን አትንኩ። በድረ ገጹ ላይ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ከራሳችሁ ሰርቨር እንዲጫን አድርጉና በሲኤስኤሱ የፎንት ዝርዝር ውስጥ አስገቡት። የመስመር ከፍታውንም ወደ 1.6 ወይም 1.7 ከፍ አድርጉ፤ ለላቲን የተለካ 1.2 አማርኛውን ያጨናንቀዋል።

ዛሬ ሳጥን በብዛት የሚታየው ብሮውዘር ላይ ሳይሆን ሰርቨር በሚያዘጋጀው ፒዲኤፍ ላይ ነው፦ ደረሰኝ፣ ሰርተፍኬት፣ የውጤት ካርድ። ሊኑክስ ሰርቨሩ የግዕዝ ፎንት የለውም፤ ፒዲኤፍ የሚሠራው ላይብረሪም ከራሱ ጋር የመጡትን የላቲን ፎንቶች ብቻ ያውቃል። የፎንት ፋይሉን ፕሮጀክቱ ውስጥ አስቀምጡ፣ ላይብረሪው ላይ አስመዝግቡ፣ ፒዲኤፉ ውስጥ እንዲታቀፍ እዘዙ። የግዕዝ ፊደላት እንደ ዓረብኛ ስለማይቀጣጠሉ ከዚህ ሌላ ምንም አይጠይቁም።

የጥያቄ ምልክት ወይም የተዘበራረቀ ላቲን

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ፤ ሁለት ገጾች አንድ ዓይነት ጥያቄ ምልክት እያሳዩ አንዱ የሚድን፣ ሌላው የሞተ ሊሆን ይችላል።

«ሰላም» የሚል ረድፍ በፎርሙ አስገቡ። ከዚያ ረድፉን በአይዲ ቁጥሩ ፈልጋችሁ ሌንግዝና ካራክተር ሌንግዝ የሚባሉትን ሁለት ፈንክሽኖች ጠይቁት። የመጀመሪያው ባይት ይቆጥራል፣ ሁለተኛው ፊደል። በቃሉ አትፈልጉት፤ ግንኙነቱ ከተበላሸ የፍለጋ ቃሉም አብሮ ይበላሻል።

9 ባይት፣ 3 ፊደል ካለ የተቀመጠው ጤነኛ ነው። የሚበላሸው ሲወጣ ነው፦ ግንኙነቱ ላቲን1 (ግዕዝን የማያውቅ አሮጌ የላቲን ኢንኮዲንግ) ላይ ስለሆነ ማይኤስኪውኤል የማይችለውን ፊደል በጥያቄ ምልክት እየተካ ይልካል። በፒዲኦ (ፒኤችፒ ከዳታቤዙ ጋር የሚገናኝበት መሣሪያ) የግንኙነት መስመር ላይ ቻርሴቱን ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 (ማይኤስኪውኤል ሙሉውን ዩቲኤፍ-8 የሚጠራበት ስም) አድርጉ። ሥራው በዚሁ ያልቃል።

3 ባይት፣ 3 ፊደል ካለ ጽሑፉ ጠፍቷል። የተቀመጡት ራሳቸው የጥያቄ ምልክቶቹ ናቸው፤ ምንም ዓይነት ቅየራ አይመልሳቸውም። ያለው ተስፋ ባክአፕ ወይም ሲስተሙ በኢሜይል የላካቸው ቅጂዎች ናቸው። ይህ የሚሆነው ዓምዱ ላቲን1 ሆኖ ስትሪክት ሞድ (ዳታቤዙ የማይችለውን ጽሑፍ እንዳይቀበል የሚያደርገው ሴቲንግ) ሲጠፋ ነው። ስትሪክት ሞድ ቢበራ ኖሮ ዳታቤዙ ጽሑፉን በስህተት ቁጥር 1366 አልቀበልም ይል ነበር። ያንን መልእክት ዝም ለማሰኘት ሞዱን ማጥፋት ብዙ መድረክ ላይ የሚሰጥ ምክር ነው፤ ለአማርኛ ጣቢያ ግን ከዚህ የከፋ ምክር የለም።

9 ባይት፣ 9 ፊደል ካለ ትክክለኛው ባይት ላቲን1 የሚል ዓምድ ውስጥ ተቀምጧል። ዓምዱን በቀጥታ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 አትቀይሩት፤ ማይኤስኪውኤል እያንዳንዱን ባይት አንድ የላቲን ፊደል አድርጎ ይተረጉመዋል። መጀመሪያ ወደ ቫርባይነሪ (ረጅም ጽሑፍ ከሆነ ወደ ብሎብ)፣ ቀጥሎ ከዚያ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ጽሑፍ ቀይሩት። በባይነሪው በኩል ሲያልፍ ባይቶቹን አይነካቸውም።

9 ፊደል ሆኖ ባይቱ 19 ከሆነ ሁለት ጊዜ ኢንኮድ ተደርጓል። ዓምዱ ዩቲኤፍ-8፣ ግንኙነቱ ላቲን1 ሆኖ ሲሠራ የኖረ ጣቢያ እንዲህ ነው። ተንኮሉ ለዓመታት ደህና መስሎ መታየቱ ነው፤ ሲገባ የተበላሸው በዚያው ግንኙነት ሲወጣ ይቃናል። ሆስቲንግ ሲቀየርና አዲሱ ሰርቨር በትክክለኛው ግንኙነት ሲያነብ ገጹ ሁሉ ይዘበራረቃል፣ ወቀሳውም ምንም ባላጠፋው አዲስ ሰርቨር ላይ ይወድቃል። ጥገናው ዓምዱን ወደ ላቲን1፣ ከዚያ ወደ ባይነሪ፣ ከዚያ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 የሚወስድ አፕዴት ነው። ግን ይኸው ትእዛዝ ጤነኛ ረድፍ ላይ ካረፈ አማርኛውን ወደ ጥያቄ ምልክት ለውጦ ይገድለዋል። ስለዚህ ግንኙነቱ ከመስተካከሉ በፊት የገቡትን ረድፎች ብቻ በቀን ወይም በአይዲ ለዩ፣ በሴሌክት አይታችሁ አረጋግጡ፣ ከዚያ አፕዴት አድርጉ። ከሁሉ በፊት ባክአፕ ውሰዱ፤ ባክአፑንም ሌላ ዳታቤዝ ላይ ጭናችሁ አማርኛው መነበቡን እዩ።

የተዘበራረቀውን ላቲን በዓይንም መለየት ይቻላል። ጭረት ያለው የላቲን ኤ በየሦስት ምልክቱ የሚደጋገም ከሆነ የኢንኮዲንግ ችግር ነው፤ የግዕዝ ፊደላት በዩቲኤፍ-8 ሲጻፉ የመጀመሪያ ባይታቸው አንድ ነው። እንዲህ ያለ ድግግሞሽ ከሌለና ዝብርቁ ከዎርድ ፋይል ተገልብጦ የገባ ከሆነ፣ ጽሑፉ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተተየበ ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው ሥሪት 3.0 ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የአማርኛን ሥዕል በላቲን ፊደላት ቦታ ይጭኑ ነበር። ይህን የሚፈታው ለዚያው ፎንት የተዘጋጀ መቀየሪያ ብቻ ነው።

አማርኛው እየሠራ ኢሞጂ ያለበት አስተያየት እምቢ የሚል ወይም ከኢሞጂው ጀምሮ የሚቆረጥ ከሆነ ዓምዱ በአሮጌው ባለ 3 ባይት ዩቲኤፍ8 ላይ ነው። ግዕዝ በ3 ባይት ይገባል፣ ኢሞጂ 4 ይፈልጋል። ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ሲቀየር አሮጌ ማይኤስኪውኤል ኢንዴክሱ ከ767 ባይት በለጠ ብሎ ሊቆም ይችላል፤ ኢንዴክስ ያለበትን ዓምድ 191 ፊደል ላይ ወስኑት ወይም ሥሪቱን አሳድጉ።

የመግለጫው መጨረሻ ላይ ጥቁር ዳይመንድ፣ ወይም ባዶ መልስ

የዜና ዝርዝሩ ላይ የእያንዳንዱ መግለጫ የመጨረሻ ፊደል ተበላሽቶ ከታየ አንድ ፈንክሽን ጽሑፉን በባይት እየቆረጠው ነው። ሰብስትር 100 ቁረጥ ሲባል 33 ፊደልና የአንድ ፊደል ሲሶ ያስቀራል። በፊደል የሚቆርጠውን ኤምቢ_ሰብስትርን ተጠቀሙ። የዚሁ ብልሽት ሌላ መልክ ይበልጥ ያደናግራል፦ የተቆረጠው ጽሑፍ ወደ ጄሰን (መረጃ ለአፕ የሚላክበት ቅርጽ) ሲቀየር የፒኤችፒው ጄሰን ኢንኮድ ያለ ምንም ጩኸት ፎልስ ይመልሳል፣ የሞባይል አፑም ባዶ ገጽ ያሳያል። የመጨረሻውን የጄሰን ስህተት መልእክት ሎግ ላይ ጻፉት፤ የተበላሸ ዩቲኤፍ-8 አለ ይላችኋል።

ፍለጋው ያለውን ነገር የለም ይላል

ተጠቃሚው «ጸሀይ» ይጽፋል፣ ሠንጠረዡ ውስጥ ያለው «ፀሐይ» ነው። ለኮምፒውተሩ ሁለቱ አይገናኙም። ከዋናው ዓምድ ጎን ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ ዓምድ አክሉና ጽሑፉን አንድ ወጥ አድርጋችሁ አስገቡበት፦ ሐን እና ኀን ከነእርባታቸው ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ። ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ ይግቡ። ጐንደርና ጎንደር፣ ቈላና ቆላ እንዲገናኙ ጐን ወደ ጎ፣ ቈን ወደ ቆ፣ ኰን ወደ ኮ መልሱ። ሥርዓተ ነጥቡን አውጡ። የፍለጋው ቃልም በዚያው ፈንክሽን ይለፍ። ዋናውን ዓምድ ግን እንዳትነኩት፤ ሰው ስሙን «ኃይሉ» ብሎ ከጻፈ ሰርተፍኬቱ ላይም «ኃይሉ» ነው መውጣት ያለበት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ «ቤት»፣ «ውሃ»፣ «ሕግ» አሁንም ካልተገኙ የፉልቴክስት ኢንዴክሱን (ቃላት የሚፈለጉበትን ማውጫ) እዩ። ከማይኤስኪውኤል የሠንጠረዥ ዓይነቶች ኢንኖዲቢ ከ3 ፊደል በታች የሆነ ቃል አይመዘግብም፤ ማይአይሳም ደግሞ ከ4 በታች። ለእንግሊዝኛ ምክንያታዊ ነው፤ አማርኛ ግን ሁለት ፊደል ላይ ሙሉ ቃል ይጨርሳል። ዝቅተኛውን ርዝመት 2 አድርጉ፣ ዳታቤዙን ሪስታርት አድርጉ፣ ኢንዴክሱን አፍርሳችሁ እንደገና ሥሩ፤ ያለ መጨረሻው እርምጃ ምንም አይለወጥም። «በቤትህ» ውስጥ ያለውን «ቤት» ለማግኘት ግን ማይኤስኪውኤል 5.7 ላይ የመጣው ኤንግራም ፓርሰር ይሻላል፤ ጽሑፉን በሁለት በሁለት ፊደል ስለሚከፋፍል የቃሉን ፊደል እስካልቀየሩ ድረስ ቅጥያዎቹ አያግዱትም። ኢንዴክሱ ይከብዳል፣ አንዳንድ ያልተፈለገ ውጤትም ያመጣል፤ ለዜናና ለሕግ ሰነድ ግን ዋጋውን ያወጣል።

ፎርሙ የሰው ስም አልቀበልም ይላል

የማረጋገጫው ሪጀክስ (የሚፈቀዱትን ፊደላት የሚወስነው ቀመር) ከላቲን ኤ እስከ ዜድ ብቻ ይፈቅዳል። የዩኒኮድ ፊደል ምድብን ሪጀክሱ መጨረሻ ላይ ከሚገባው የ«ዩ» ምልክት ጋር ተጠቀሙ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚረሱት ክፍተቱን፣ ነጥቡንና ሕዝባሩን ነው፦ «ገ/መድኅን»፣ «ወ/ሮ»፣ «ኃ/ማርያም»። ሕዝባሩን ስትፈቅዱ ደግሞ ፋይል በሰው ስም የምታስቀምጡ ከሆነ ሰርቨሩ «ገ»ን ፎልደር ብሎ ይፈልጋል። ፋይልን በአይዲ ሰይሙ።

ቀንና ሰዓት

ሰዓቱ በ3 ከተዛነፈ የሰርቨሩ ታይም ዞን ነው፤ ዳታቤዙ በዩቲሲ ይያዝ፣ ሲታይ ብቻ አፍሪካ/አዲስ አበባ በሚለው ዞን ይቀየር። ሁለት ቦታ 3 ሰዓት የሚደምር ኮድ ካለ ወደ ፊት ይዛነፋል። በ6 ከተዛነፈ ግን አቆጣጠሩ ነው፦ «3 ሰዓት» ብሎ ጠዋት የተቀጠረ ሰው ማስታወሻው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይደርሰዋል። ፎርሙ ቀን ወይስ ማታ ብሎ ይጠይቅ፤ ኮዱ ለቀኑ 6፣ ለማታው 18 ይደምር፣ 24 ሲሞላ ይዙር። 12 ሰዓት እንደ 0 ይቆጠር፤ አለዚያ ጠዋት 12 የነበረው ማታ 12 ይሆናል።

ከጥቅምት 30 እና ከጳጉሜ ቀኖች በስተቀር ሁሉም ቀን የሚገባ ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፦ የኢትዮጵያ ቀን ሳይቀየር በፈረንጅ የዴት ዓምድ ውስጥ እየገባ ነው። ሁለተኛው ወር ለዳታቤዙ ፌብሩዋሪ ነው፣ 13ኛ ወርም አያውቅም። ጥቅምት 29ም በአብዛኛው ዓመት ይወድቃል። ጥገናው የፎርሙን ቀን ወደ ጎርጎርዮሳዊ ቀይሮ ማስቀመጥና ለዕይታ መመለስ ነው። ከዚያ በፊት የገቡት ረድፎችም አንድ በአንድ መቀየር አለባቸው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ዓመተ ምሕረቱ በአንድ የሚያንስ ከሆነ ኮዱ ዓመቱን ሙሉ 8 ይቀንሳል ማለት ነው፤ ከአዲስ ዓመት እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ ልዩነቱ 7 ነው። በእጅ የተጻፈ ስሌት ከሆነ በመስከረም 1 ቀን 2016 ፈትኑት፤ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 መስጠት አለበት፣ ብዙው ኮድ 11 ይላል። ጃቫስክሪፕት ላይ ደግሞ ቋንቋውን አማርኛ ማድረግ ብቻ «ሴፕቴምበር» ነው የሚያመጣው፤ ካሌንደሩን ኢትዮፒክ ብላችሁ ለይታችሁ እዘዙ።

ሊንክ፣ አጭር መልእክትና ኤክሴል

ዎርድፕረስ ላይ የአማርኛ ርእስ ሊንክ ሲሆን እያንዳንዱ ፊደል 9 ምልክት ይሆናል፣ ዓምዱ ግን 200 ብቻ ይይዛል። ሊንኩ 22 ፊደል ገደማ ላይ ይቆረጣል፤ አጀማመራቸው አንድ የሆነ ዜናዎች መጨረሻቸው ላይ 2፣ 3 እየተጨመረ ይወጣሉ። ሊንኩን በአጭር ላቲን በእጅ ጻፉት።

የኤስኤምኤስ ወጪው በድንገት ከጨመረ መልእክቱ ውስጥ አማርኛ ገብቷል፤ አንድ «ብር» የሚል ቃል እንኳ የአንዱን መልእክት ገደብ ከ160 ወደ 70 ፊደል ያወርደዋል፣ ሲረዝምም በ67 በ67 ይከፈላል። የማረጋገጫ ኮዱን መልእክት ከ70 ፊደል በታች አሳጥሩ።

ከድረ ገጹ የወረደ ሲኤስቪ ኤክሴል ላይ ከተዘበራረቀ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ባለ 3 ባይቱን ቦም (ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን የሚናገር የማይታይ ምልክት) ጨምሩበት። ቦሙ የፒኤችፒ ፋይል መጀመሪያ ላይ ከገባ ግን ሄደር ቀድሞ ተልኳል የሚል ስህተት ያመጣል፤ ኤዲተሩ ላይ ያለ ቦም ሴቭ አድርጉት።