በአሜሪካ ከባርነት ማብቃት በኋላ የነበረውን የድምፅ መብት ታሪክ ለልጆች እንዴት እናስተምር?

ቅዳሜ ቅዳሜ አሜሪካ ለተወለዱ የሐበሻ ልጆች ታሪክ አስተምራለሁ። ይህን ርዕስ መጀመሪያ በድራማ ሞከርኩት። ግማሾቹን መራጭ፣ ግማሾቹን ከልካይ አደረግኳቸው። ከልካዮቹ መሳቅ ጀመሩ። አንዲት ልጅ ወረቀቷን እንደያዘች እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እባካችሁ፣ ልጅን እዚያ ቦታ ላይ አታቁሙ።

አሁን በሰሌዳ እጀምራለሁ። 1865፣ 1868፣ 1870 ብላችሁ ጻፉ፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ባርነት ቀረ፣ ጥቁሮች ዜግነት አገኙ፣ ጥቁር ወንዶች የመምረጥ መብት አገኙ። ሴቶቹስ የት ሄዱ የሚለውን ልጆቹ ራሳቸው ያነሱታል።

ዋናው ሥራ ከዚህ በኋላ ነው። የ1870ውን 15ኛ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አንብቡላቸው። በዘር፣ በቀለም ወይም ቀድሞ ባሪያ በመሆኑ ማንም ዜጋ ከመምረጥ አይከለከልም ይላል። «ያልተጠቀሰው ምንድነው?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። አትቸኩሉ። አንዱ «ገንዘብ» ይላል። ሌላው «ማንበብ የማይችል ሰውስ?» ይላል። ሁለቱም ደርሰዋል። የሚሲሲፒ ግዛት በ1890 ለመምረጥ የሚከፈል ግብር እና የንባብ ፈተና በሕገ መንግሥቷ አስገባች።

ቀጥሎ የሌላዋን ግዛት፣ የሉዊዚያናን የ1898 ሕግ አምጡ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1867 መምረጥ ይችል የነበረ ሰው፣ ልጁም የልጅ ልጁም የንባብ ፈተናው ይቀርላቸዋል። «ይህ ቀን ለምን ተመረጠ?» በሉ። ዓይናቸው ወደ ሰሌዳው ይመለሳል። «ከ1870 በፊት ነው!» የሚል አይጠፋም። ያን ቀን በሉዊዚያና ለጥቁር ሰው መምረጥ አይፈቀድም ነበር። ሕጉ ጥቁር የሚል ቃል ሳያነሳ፣ በቀን ብቻ በሩን ዘጋው። በ1896 የተመዘገቡት ጥቁር መራጮች ከ130,000 በላይ ነበሩ። በ1904 ግን 1,342 ብቻ ቀሩ። ሁለቱን ቁጥሮች አንዱን ከሌላው ሥር ጻፉ። ማብራሪያ አትጨምሩ።

ስለ ሴልማ፣ በአላባማ ግዛት ስላለችው ከተማ፣ ረጅም ቪዲዮ አትክፈቱ፤ ልጆቹ ይደነዝዛሉ። ማርች 7 ቀን 1965 ለመምረጥ መብት የወጡት ሰልፈኞች እዚያ ድልድይ ላይ ሲደበደቡ የሚያሳይ አንድ ፎቶ ይበቃል። የድምፅ መብት ሕጉ የተፈረመው በዚያው ዓመት ኦገስት 6 ነው። ኦክቶበር 3 ደግሞ አፍሪካውያንን ከደጅ ያስቀረውን የስደተኞች ኮታ የሚሽር ሕግ ተፈረመ። ለእኛ ልጆች ይህን ሳትነግሩ አትለፉ።

የቤት ሥራው፣ እናትና አባታቸው እዚህ አገር መጀመሪያ የመረጡት መቼ እንደሆነ መጠየቅ ነው። ባለፈው አንዱ የእናቱን «አይ ቮትድ» (መርጫለሁ) የሚል ስቲከር ከፍሪጁ ላይ ልጦ መጣ። ጠርዙ ተቀዷል። ደብተሩ ላይ ለጥፎ ከሥሩ ዓመቱን ጻፈበት።